ሳይታይ የሚገዛ ሞተርና ምስክሮቹ

ሳያዩ ማመን በሃይማኖት ዘንድ ብፅዕናን የሚያሰጥ ጸጋ ሲሆን፣ በገበያ ዘንድ ግን ብዙ ጊዜ ጸጸትን የሚያስከትል ድፍረት ነው። ይህም ሆኖ በአሜሪካና በአውሮፓ አገሮች፣ ሞተሩ እንደ ተጎዳ በግልጽ የተነገረለትን ያገለገለ የስፖርት መኪና፣ ጥቂት ፎቶግራፎችንና አጭር መግለጫን ብቻ ተመልክተው፣ ከብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሆነው የሚገዙ ሰዎች አሉ። ምክንያታቸውም ከንቱ አይደለም፤ ቀለሙ ያማረ፣ ወንበሩና ማርሹ ያልተነካ መኪና፣ በሞተሩ ሕመም ምክንያት ብቻ ከደኅናው ዋጋ እጅግ ዝቅ ብሎ ይገኛልና። እኔም በዚህ ጽሑፍ ማስረዳት የምሻው፣ በብረት ውስጥ የተሰወረ ጉዳት ፈጽሞ እንዳልተሰወረ፣ ይልቁንም መርምሮ ለሚጠይቅ ሰው ከሩቅ ሊነበብ የሚችል ምስክር እንደሚተው ነው።

አስቀድሞ የገበያውን ጠባይ ማወቅ ይገባል። አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970 ባሳተመው ጥናት፣ ያገለገሉ መኪናዎችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ ነገሩን ከሥሩ መረመረው። ሻጩ የመኪናውን ምስጢር ሲያውቅ ገዢው ግን ስለማያውቀው፣ ለደጉም ለክፉውም አንድ መካከለኛ ዋጋ ለማቅረብ ይገደዳል፤ ይህ ዋጋ የደጉን መኪና ባለቤት ስለማያረካው፣ እርሱ ንብረቱን ይዞ ከገበያ ይወጣል፤ ደጋጎቹ በወጡ ቁጥር የቀሪዎቹ ግምት እየወረደ ሄዶ፣ በመጨረሻ ገበያው ለክፉዎቹ ብቻ ይቀራል። አከርሎፍ ስለዚህ ምርምሩ በ2001 ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር በኢኮኖሚክስ የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። ከትምህርቱም የምንረዳው፣ የዚህ ደዌ መድኃኒት የሻጩ መሐላ ሳይሆን፣ ሻጩ እንደ ፈቃዱ ሊለውጠው የማይችል ማስረጃ መሆኑን ነው።

የሞተር ጉዳት እንዲህ ያለውን ማስረጃ እንዴት እንደሚተው ለማየት መልካም ምሳሌ የሚሆነን የጀርመኑ የፖርሼ ኩባንያ ሥራ ነው። በ1963 ለሕዝብ የታየው 911 የተባለው መኪና፣ ከሠላሳ ዓመታት በላይ በአየር በሚቀዘቅዝ ሞተር ሲሄድ ኖሮ፣ በ1997 በወጣው 996 በተሰኘው ትውልዱ በውሃ ወደሚቀዘቅዝ ሞተር ተሻገረ፤ አንድ ዓመት የቀደመው ሌላው የፖርሼ መኪና ቦክስተርም የዚሁ ኤም 96 የተባለው የሞተር ቤተ ሰብ ተካፋይ ነበረ። በዚህ ሞተር ውስጥ ስድስቱ ሲሊንደሮች ሦስት ሦስት ሆነው በግራና በቀኝ ሲጋደሙ፣ ከክራንክ ሻፍቱ ሥር አንድ መካከለኛ ዘንግ ይሽከረከራል፤ ክራንክ ሻፍቱ በሰንሰለት ዘንጉን ያዞራል፣ ዘንጉም በተራው ቫልቮቹን የሚያዝዙትን ካምሻፍቶች በሰንሰለት ያዞራል። የዘንጉን አንድ ጫፍ፣ በፍሪሲዮኑ በኩል ያለውን፣ ተሸክሞ የሚይዘው በግራሶ ተሞልቶ የታሸገ ኩሽኔታ ነው።

የኩሽኔታው ማሸጊያ በዕድሜና በሙቀት ብዛት ሲደርቅ፣ የሞተሩ ዘይት ወደ ውስጥ ሰርጎ ግራሶውን ያጥበዋል፤ የገባው ዘይት ግን እንደ ልብ ስለማይታደስ፣ እርጥበትና ቆሻሻ እያዘለ ይበላሻል፣ የብረት ኳሶቹም ፊት እየሻከረ ይቦረቦራል። ኩሽኔታው ተበትኖ ዘንጉ ከማዕከሉ የወጣ እንደ ሆነ ሰንሰለቱ ጥርስ ይዘላል፤ ያን ጊዜ መዘጋት የሚገባው ቫልቭ ተከፍቶ ሳለ ፒስተኑ ይመታዋል፣ ሞተሩም በቅጽበት ይጠፋል። በአሜሪካ ከ2001 እስከ 2005 ያሉት ሞዴሎች ባለቤቶች ስለዚህ ጉድለት በኅብረት ከሰው፣ ነገሩ በስምምነት አልቋል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ብዙ ጊዜ ቆሞ የሚውል መኪና ዘይቱ እርጥበቱን ለማትነን በቂ ሙቀት ስለማያገኝ፣ ትንሽ ኪሎ ሜትር መሄዱ ብቻውን የጤንነት ዋስትና አለመሆኑ ነው።

ሁለተኛው ደዌ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ይወጣል። ግድግዳው የሲሊኮን ቅንጣት የተዋሐደው አሉሚኒየም ሲሆን፣ ሞተሩ ሳይሞቅ በብዛት የሚረጨው ቤንዚን የዘይቱን ስስ ሽፋን ሲያጥበው፣ ፒስተኑ ግድግዳውን እየፋቀ ጭረት ያወጣበታል። እንዲህ ያለው ሞተር ዘይት ይበላል፣ ይንኳኳል፤ በ911 ላይም ከግራና ከቀኝ የማርሚታ አፎች አንዱ ከሌላው ይልቅ ጥላሸት ይለብሳል።

እንግዲህ ወደ ምስክሮቹ እንምጣ። የመጀመሪያው የዘይቱ ፊልትሮ ነው። ባለሙያው ከሞተሩ ሥር ፊልትሮውን አውጥቶ፣ የወረቀቱን እጥፋት ቆርጦ በነጭ ጨርቅ ላይ ይዘረጋዋል፣ በብርሃንም ያገላብጠዋል፤ የሚያብለጨልጭ ቅንጣት ያገኘ እንደ ሆነ ማግኔት ያስጠጋበታል። ማግኔቱ የሳበው ብረት ነውና ከኩሽኔታ ወይም ከሰንሰለት የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ሳይሳብ የቀረው ነጣ ያለ ቅንጣት አሉሚኒየም ነው፤ የመዳብ መልክ ያለው ከክራንክ ሻፍቱ ብሮንዚና ይመጣል፤ የፕላስቲክ ስባሪም የሰንሰለቱ መምሪያ መበላቱን ያመለክታል። ይህ ሁሉ በፊልም ተቀርጾ ለሩቁ ገዢ ሊላክ የሚችል ነው።

ሁለተኛው ምስክር ዘይቱ ራሱ ነው። በትንሽ ጠርሙስ ተቀድቶ ወደ ላቦራቶሪ የተላከው ዘይት በከፍተኛ ሙቀት ይነድዳል፤ እያንዳንዱም ማዕድን ሲነድ ለእርሱ ብቻ የተሰጠ ብርሃን ስላለው፣ መሣሪያው ያን ብርሃን በትኖ ከሚሊዮን እጅ ስንቱ ብረት፣ ስንቱ አሉሚኒየም፣ ስንቱ መዳብ እንደ ሆነ ይለካል። የአሜሪካ የምድር ባቡር መሐንዲሶች በ1940ዎቹ የናፍጣ ሞተሮቻቸውን ሳይፈቱ ጤንነታቸውን ለማወቅ በዚህ ጥበብ መገልገል ጀምረው ነበር። መሣሪያው ግን የደቀቀውን ብናኝ እንጂ ለዓይን የሚታየውን ስባሪ አይቆጥርም፤ ስለዚህ የላቦራቶሪው ወረቀት ነጻ ያወጣውን ሞተር ፊልትሮው ሊከሰው ይችላልና፣ ሁለቱ አብረው መጠየቅ አለባቸው። ዘይቱና ፊልትሮው ሰሞኑን ተለውጠው ከሆነም የሁለቱም ምስክርነት ታጥቧል።

ሦስተኛው ምስክር አየር ነው። ካንዴላው ወጥቶ፣ ፒስተኑም ሁለቱ ወገን ቫልቮች በተዘጉበት ከፍተኛ ቦታው ላይ ቆሞ፣ የታመቀ አየር በካንዴላው ቀዳዳ ይገባል፤ መለኪያው ከመቶው ስንት እጅ እንደ ሾለከ ሲያሳይ፣ የቀረው ሥራ የጆሮ ነው። አየሩ በማርሚታው ቢተነፍስ የጭስ መውጫው ቫልቭ፣ በአየር መሳቢያው ቢያፏጭ የመግቢያው ቫልቭ፣ በዘይት መሙያው አፍ ቢሰማ ፋሻው ወይም ግድግዳው፣ በራዲያተሩ ውሃ ውስጥ አረፋ ቢያወጣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን መጎዳቱን ያስረዳል። ሞተሩ መነሣት ቢያቅተው እንኳ በእጅ እስከ ዞረ ድረስ ይህን ፈተና መፈጸም ይቻላል፤ በዚያው ቀዳዳ ቀጭን ካሜራ ቢገባም የግድግዳው ጭረት በዓይን ይታያል።

አራተኛው ምስክር የመኪናው ኮምፒዩተር ነው። ሞተሩ ከወሰኑ አልፎ የዞረበትን ብዛትና፣ ያ የሆነበትን የሥራ ሰዓት መዝግቦ ይጠብቃል። ነዳጅ መስጫውን በመርገጥ ብቻ ወሰኑን እጅግ ማለፍ እንዳይቻል ኮምፒዩተሩ ራሱ ቤንዚኑን ይቆርጣል፤ ስለዚህ ከዚያ የላቀ መዝገብ የተገኘ እንደ ሆነ፣ ነጂው በስሕተት ወደ ዝቅተኛ ማርሽ አስገብቶ ጎማዎቹ ሞተሩን በግድ እንዳዞሩት ያስረዳል።

የኦሪት ሕግ ለፍርድ ከአንድ ምስክር በላይ እንደሚሻ ሁሉ፣ ገዢውም ከእነዚህ ቢያንስ ሁለቱን፣ ሻጩ ባልመረጠው ባለሙያ እጅ፣ ሊጠይቅ ይገባዋል። ምስክር የማይቀርብለት ከሆነ ግን ሞተሩን እንደ ሞተ ቈጥሮ ይተምን፤ የተበተነ ኩሽኔታ ብናኝ ዘይቱ በሚያልፍበት መንገድ ሁሉ ስለሚሠራጭ፣ አንድ ዕቃ ብቻ ተለውጦ ይድናል ማለት ላም አለኝ በሰማይ ነው። ከደኅናው መኪና ዋጋ ላይ የተሟላ ሞተር መግዣ፣ የመግጠሚያ ድካምና የማጓጓዣ ኪራይ ተቀንሶ የቀረው የመኪናው ትክክለኛ ግምት ነው፤ በዚህ ግምት የገዛ ሰው፣ ጉዳቱ ካሰበው ቢያንስ ያተርፋል፣ ባያንስም አይከስርም። ለቅኑ ሻጭም ቢሆን የምርመራው ወጪ ኪሳራ አይሆንበትም፤ አከርሎፍ እንዳስተማረው የደጉን ዕቃ ባለቤት ከገበያ የሚያስወጣው የገዢው አለማወቅ ነውና፣ ማስረጃውን አስቀድሞ ያቀረበ ሻጭ ለዕቃው የሚገባውን ዋጋ ይጠይቃል፣ ገዢውም ለተስፋ ሳይሆን ለተመሰከረለት ነገር ይከፍላል።