ማታ የተጣለ ገመድ

ስለ ገመድ አቀማመጥ በጋዜጣ መጻፍ ለአንዳንድ አንባብያን ቀልድ ይመስላቸው ይሆናል። በየቢሮው ስንት ከባድ ጉዳይ ተከማችቶ ሳለ ገመድ ምን ቁም ነገር ሆኖ ነው? የሚለን ቢኖር አንፈርድበትም። እኛም በወለጋ፥ በቢላ፥ በአጎታችን ቤት ያየናት አንዲት ንጋት እስክታስተምረን ድረስ የምናስበው እንዲሁ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወሩ መስከረም ሲሆን ወደ ዩኒቨርሲቲ የምንመለስበት ቀን ቀርቦ ነበር። አጎታችን ለመንገዳችን የሚሆነውን ገንዘብ ለማግኘት ያቈዩትን ጀንፈል ቡና በጆንያ ሞልተው በአህያ ወደ ገበያ ሊወስዱ ተዘጋጁ። ጎረቤቶቻቸው ጎሕ ሲቀድ ጭነው ሄዱ። የእኛ መጫኛ ግን፥ በዋዜማው እንጨት ካመጣንበት በኋላ ከጓዳ ጥግ እንደ ነገሩ ወርውረነው ስለ ነበር፥ እርስ በርሱ ተተብትቦ ውሉ ጠፋ። በኩራዝ ብርሃን አንዱን ስንስብ ሌላው ይጠብቃል። «እንቍረጠው» ብንል አጎታችን እንቢ አሉ፤ የተቈረጠ መጫኛ ጭነቱን አይዞርምና። ፈትተን ስንነሣ ፀሐይ ወጥታለች፤ በመንገድም ዝናብ አገኘን። የረጠበ ጀንፈል ይሻግታልና ነጋዴው ዋጋውን ቀነሰ። የጐደለውን አጎታችን ተበድረው ሞሉልን። ቀኑን ሙሉ ምንም አልተናገሩን፤ ማታ ግን «ልጄ፥ ገመድ በራሱ አይተበተብም፤ የሚተበትበው የሚያስቀምጠው ሰው ነው» አሉን።

ቈይተን ይህን ቃል የሚያስታውስ ጥናት አነበብን። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2007 በሳንዲያጎ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሆኑት ሬይመርና ስሚዝ፥ ክር በሣጥን ውስጥ ጨምረው 3,415 ጊዜ አንከባለሉ። በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ክሩ ይቋጠር ነበር፤ በጠቅላላው 120 ዓይነት ቋጠሮ ቈጠሩ። ክሩ ከ46 ሴንቲ ሜትር ባነሰ ጊዜ ግን ቋጠሮ አይገኝበትም ነበር ማለት ይቻላል። ምክንያቱም ቋጠሮ የሚሠራው ልቅ የሆነው ጫፍ በአጠገቡ ባሉት ዙሮች መካከል እየሾለከ ስለ ሆነ ነው። እንግዲህ ገመድ በራሱም ይቋጠራል፤ ሆኖም ጫፉን ልቅ አድርጎ የተወው ሰው ነውና አጎታችን አልተሳሳቱም።

መድኀኒቱም ከዚሁ ይወጣል። አስቀድሞ ጭቃውን አራግፎ ገመዱን ማድረቅ ነው፤ የቃጫ ገመድ በእርጥቡ ከተቀመጠ ይበሰብሳል። ቀጥሎ አንዱን ጫፍ በግራ እጅ ይዞ፥ በቀኝ እጅ ክንድ ክንድ እየሳቡ እኩል እኩል ቀለበት ማድረግ ነው። ገመዱ ልጠምዘዝ ሲል በጣት ማላላት እንጂ ማስገደድ አያሻም። ብዙዎቻችን በመዳፍና በክርን መካከል እንጠመጥማለን፤ ይህ ግን በየዙሩ ጥምዝ ስለሚጨምርበት ሲፈታ ይተበተባል። በመጨረሻ በቀረው ጫፍ ጥቅሉን ወገቡ ላይ ሦስት አራት ጊዜ ዞሮ፥ በቀለበቱ አሾልኮ አስሮ ከግድግዳ መስቀል ነው።

ዓሣ አጥማጆችም ችግሩ አልቀረላቸውም። መረብ ከላይ ተንሳፋፊ፥ ከታች ማዝቀዣ አለው። ሁለቱ ከተደባለቁ መረቡን ለመፍታት ግማሽ ቀን ያልፋል። ስለዚህ ተንሳፋፊውን ወገን በአንድ እጅ፥ ማዝቀዣውን በሌላው ሰብስበው፥ መካከሉን አስረው ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ይሰቅሉታል፤ ፀሐይ ናይሎንን ታደክማለችና። ባሕር ባላቸው አገሮች ደግሞ ሸርጣን አጥማጆች ወጥመዱን ወደ ባሕር ወለል አውርደው በገመዱ ጫፍ ተንሳፋፊ ያስራሉ። ወቅቱ ሲያልፍ ጥንቁቆቹ ገመዱን ጠቅልለው ከነተንሳፋፊው በገዛ ወጥመዱ ውስጥ ያኖሩታል። በጀልባ ላይ የተዝረከረከ ገመድ የሰው እግር ጠልፎ ከነወጥመዱ ወደ ባሕር ሊያወርድ ይችላልና፥ ለእነርሱ ጉዳዩ የዋጋ ብቻ ሳይሆን የነፍስም ነው።

በቋንቋችን የክር ጫፍ ውል ይባላል፤ የሁለት ሰዎች ስምምነትም ውል ነው። ማታ ገመዱን የሚያኖረውና ጧት የሚያነሣው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው አይደለም። ጧት የሚያነሣው ይቸኵላል፤ ጨለማም ነው። መዝገብ አስረክባችሁ ወደ ሌላ ሥራ የምትዛወሩ ወጣት ሹማምንት ይህን ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ።

በቅርቡ ቢላ ሄደን ነበር። ማታ መጫኛውን የጠቀለልነው እኛ ነን። አጎታችን ኩራዙን አንሥተው ግድግዳውን ተመለከቱና፥ ውሉን በጣታቸው ዳስሰው ምንም ሳይናገሩ ሊተኙ ገቡ።