መውደቅን ማሰብ ሟርት ነውን?

ፈተና ሲቃረብ ወይም አዲስ ሥራ ሊጀመር ሲል «ብወድቅስ?» ያለ ሰው ወዲያው የሚሰማው መልስ «አታሟርት! በጎ በጎውን አስብ» የሚል ነው። ከዚህ ምክር ጀርባ ሁለት እምነቶች አሉ፤ ስኬትን አጥብቆ በሐሳብ ማየት ስኬትን ያቀርባል፣ ውድቀትን ማሰብ ደግሞ ውድቀትን ይጠራል። ሁለቱም ሲፈተሹ አይጸኑም። ምናብ ፍርሃትን የሚያቀለው መድረሻውን ስላሳመረ ሳይሆን መንገዱን ከነእንቅፋቱ ስላሳየ ነው።

ሊየን ፋምና ሼሊ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት በሎስ አንጀለስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከፈተና በፊት በነበሩት ቀናት ዓይነ ሕሊናቸውን እንዲያሠሩ ተደረገ። ገሚሶቹ ከፍተኛ ውጤት አምጥተው ሲደሰቱ ራሳቸውን አዩ። ሌሎቹ ያዩት ሲያጠኑ ነው፦ የት እንደሚቀመጡ፣ ደብተር ሲገልጡ፣ ቴሌቪዥን ሲያጠፉ፣ ጓደኛ «እንውጣ» ሲላቸው እምቢ ሲሉ። ጥናታቸው የበረታውና ውጤታቸው የተሻሻለው ማጥናቱን በሐሳብ ያዩት ናቸው፤ የተሻሻለውም ዕቅዳቸው ስለጠራና ጭንቀታቸው ስለቀነሰ ነበር። ጋብሪኤለ ኦቲንገንና ዶሪስ ማየር እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ጥናት ነገሩን ያጠናክረዋል። ጥሩ ሥራ ይዘው በሐሳባቸው አዘውትረው ይደሰቱ የነበሩ ተመራቂዎች ከሁለት ዓመት በኋላ ሲታዩ ያስገቡት ማመልከቻም፣ ያገኙት የሥራ ዕድልም፣ ደመወዛቸውም ያነሰ ነበር። ተስፋ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በዚያው ጥናት «ይሳካልኛል» ብለው የገመቱት የተሻለ ቀንቷቸዋል። ጉዳቱ አእምሮ ያልተሠራውን እንደተሠራ ቆጥሮ ሲያርፍ ነው።

ሁለተኛው እምነት ይበልጥ ሥር የሰደደ ነው፤ ክፉውን ያነሣ ሰው ሟርተኛ ይባላል። ጋሪ ክላይን እ.ኤ.አ. በ2007 በሐርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው መጽሔት የገለጸው ዘዴ ግን ይህንኑ «ሟርት» ሥራ ላይ ያውለዋል። ዕቅድ ሊጀመር ሲል የቡድኑ አባላት ሥራው ጨርሶ እንደከሸፈ አድርገው ያስባሉ፤ ከዚያም እያንዳንዱ የከሸፈበትን ምክንያት በወረቀት ይጽፋል። አለቃን ላለማስከፋት አንገቱን ደፍቶ የነበረ ሰው ስጋቱን የሚያወጣው ያኔ ነው፤ ያኔ ደግሞ ለማስተካከል ገና ጊዜ አለ።

ታዲያ ሌሊቱን ሙሉ ውድቀቱን እያሰበ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ለምን አይበረታም? ጥያቄው ተገቢ ነው። ቶማስ ቦርኮቬክ ያካሄዳቸው ምርምሮች እንዳሳዩት ጭንቀት በአብዛኛው በምስል ሳይሆን በቃል የሚመላለስ ሐሳብ ነው። «ጉዴ ፈላ» ይላል፣ መልሶም «ጉዴ ፈላ» ይላል፤ የውድቀቱን ማግስት አያይም። ያንን ማግስት ደግሞ አብዛኞቻችን ከልክ በላይ አክፍተን እንገምታለን። ዳንኤል ጊልበርትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት መምህራን ቋሚ የዩኒቨርሲቲ ቅጥር ቢከለከሉ ለዓመታት እንደሚያዝኑ ገምተው ነበር፤ በእርግጥ የተከለከሉት ሲጠየቁ ግን ደስታቸው ካገኙት እምብዛም አልተለየም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ መጽሐፍና መምህር ያልተሟላለትን ተማሪ ምናብ ምን ይረዳዋል? በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ጉድለት ሐሳብ አይሞላውም፤ ጥፋቱን በልጁ አስተሳሰብ ላይ መጫንም ግፍ ነው። ነገር ግን ከቤቱ ርቆ፣ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አድሮ መፈተን የመጣው በዚሁ ዙር ነው፤ በ2016 ደግሞ ከፊሉ ተፈታኝ በኮምፒውተር ተፈትኗል። እንግዳውን አዳራሽ፣ ያልገባውን ጥያቄ ዘልሎ ወደሚቀጥለው ማለፉን አስቀድሞ በዓይነ ሕሊናው የተለማመደ ልጅ ቢያንስ በለውጡ አይደነግጥም። ወላጆችም ከፈተናው በፊት «ባይሳካ ምን እናደርጋለን?» ብለው ስለ አቅም ማሻሻያ ትምህርቱ፣ ስለ ቴክኒክና ሙያው፣ በግል እንደገና ስለመፈተኑ በግልጽ ቢያወሩት በልጃቸው ላይ አላሟረቱም።