የገበጣ ጨዋታ ሳይረሳ የቆየበት ምክንያት፤ በወልቂጤና በቡታጅራ ዙሪያ ለሚደረግ ጥናት መነሻ

በአገራችን ዕድል ሳይሆን ብልሃት ከሚለይባቸው ጨዋታዎች መካከል በይበልጥ የታወቁት ሁለት ናቸው፤ እነርሱም ሰንጠረዥና ገበጣ ናቸው። የመጀመሪያው ዛሬ ከሞላ ጐደል ተረስቷል፤ ሁለተኛው ግን እስካሁን አለ። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ገበጣ ተወዳጅነቱን ሳያጣ ይህን ያህል ዘመን ስለ ምን እንደ ቆየ ነው። ቀጥሎም ጊዜው ሳያልፍ ልንሠራው የሚገባንን ሥራ እናመለክታለን።

፩. ስለ ሰንጠረዥ

የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ እንደ ሌላው ዓለም ቼዝ 64 ቤቶች ቢኖሩትም የራሱ የሆነ አጀማመር ነበረው። ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ በአንድ ጊዜ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ፤ ተራ የሚጀመረው አንዱ የሌላውን ሲገድል ነው። ይህም የሰልፍ ጊዜ ወረራ ይባል ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ትግራይን የጐበኘው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት፥ ራስ ወልደ ሥላሴ በዚህ ጨዋታ ይደሰቱ እንደ ነበር ጽፏል። ነገር ግን ሰንጠረዥ የተቀረጹ አሻንጉሊቶችንና ሰፊ የዕረፍት ጊዜን ይጠይቃል፤ ስለዚህም በአብዛኛው የመኳንንት ጨዋታ ሆኖ ኖረ። የመኳንንቱ አዳራሽ ሲፈታ ጨዋታውም ቤቱን ያጣ ይመስለናል።

፪. ስለ ገበጣ አሠራር

ገበጣ ቤት አይፈልግም። መሬት ላይ ጉድጓዶች ይቆፈራሉ፥ ጠጠር ይለቀማል፥ ጨዋታው ይጀመራል። የአጨዋወቱ ስልት ብዙ ስለሆነ ለማስረዳት ያህል አንዱን እንውሰድ። በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት፥ በጠቅላላው 12 ጉድጓዶች አሉ፤ በእያንዳንዱም 4 ጠጠር ይገባል፤ ድምሩ 48 ይሆናል። ተጫዋቹ ከራሱ ረድፍ የአንዱን ጉድጓድ ጠጠር ሁሉ አንሥቶ፥ በሚቀጥሉት ጉድጓዶች አንዳንድ እያደረገ ወደ ቀኝ እየዞረ ያድላል። የመጨረሻው ጠጠር ጠጠር ካለበት ጉድጓድ ከወደቀ ያንን ሁሉ አንሥቶ ይቀጥላል፤ ባዶ ላይ ከወደቀ ተራውን ይለቃል።

ለምሳሌ ተጫዋቹ በግራ በኩል ካለው ከ1ኛው ጉድጓድ ቢነሣ እጁ 5ኛው ላይ ያርፋል። በዚያ የነበሩት 4 አሁን 5 ሆነዋልና እነርሱን አንሥቶ እስከ 10ኛው ያድላል፤ ከ10ኛው 5 አንሥቶ ዞሮ 3ኛው ላይ፥ ከ3ኛው 6 አንሥቶ 9ኛው ላይ፥ ከ9ኛውም 6 አንሥቶ እንደ ገና 3ኛው ላይ ይደርሳል። 3ኛው ባዶ ሆኖ ነበርና እዚያ ይቆማል። በአንድ ተራ 5 ጊዜ አንሥቶ 26 ጠጠር አደለ ማለት ነው። የሚበላውን ሳንቆጥር ስድስቱንም አነሣሦች አስልተን እንዳየነው፥ ከ3ኛው ጉድጓድ የተነሣ ሰው ከ48ቱ 28ቱ በራሱ ረድፍ ሲቀሩለት፥ ከ6ኛው የተነሣ ግን 21 ብቻ ይቀሩለታል። እኛ በወረቀትና በእርሳስ የደረስንበትን ይህን ልዩነት የለመደ እረኛ በዓይኑ ብቻ ይመዝነዋል።

፫. የመቆየቱ ምክንያቶች

ምክንያቶቹን በሦስት ከፍለን እናያቸዋለን። አንደኛ፥ ገበጣ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ድኻና ሀብታም እኩል ይቀመጡበታል። ሁለተኛ፥ የተሰወረ ነገር የለውም። ጠጠሩ ሁሉ በሁለቱም ፊት ተዘርግቷልና የተሸነፈ ሰው በዕድል ሊያመካኝ አይችልም፤ ስለዚህ «እንድገም» ይላል። ሦስተኛ፥ ደንቡ እንደ ቋንቋ ከአገር አገር ይለያያል። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ባወጡት ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ከመቶ የሚበልጡ ዓይነቶችን መዝግበዋል። ባለ ሦስት ረድፉ ገበጣ በተለይ የዚህ የአፍሪካ ቀንድ አገሮች ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ኮምፒዩተር ሁሉን ካሰላው የጨዋታው ጣዕም አይጠፋምን? በምዕራብ አፍሪካ የሚገኘውንና እንደዚሁ 12 ጉድጓድና 48 ፍሬ ያለውን አዋሪን በ2002 እ.ኤ.አ. ሁለት የአምስተርዳም ተመራማሪዎች ከ889 ቢሊዮን በላይ የሆኑ አቀማመጦችን በኮምፒዩተር አስልተው ፈትተውታል። ውጤቱም ሁለቱም ሳይሳሳቱ ቢጫወቱ እኩል ይወጣሉ የሚል ነው። ይሁን እንጂ ያን ሁሉ በራሱ ይዞ የሚቀመጥ ሰው የለምና ፉክክሩ እንደ ነበረ ነው።

፬. ስለ ወልቂጤና ቡታጅራ

የጉራጌ መንደር ጀፎረ የሚባል ሰፊ የሣር አደባባይ አለው። ሕዝቡ ለስብሰባ፥ ለለቅሶና ለበዓል ይገናኝበታል፤ ከብት ይግጥበታል፥ ልጅም ይጫወትበታል። እንዲህ ያለ የጋራ ሜዳ ጨዋታ ከታላቅ ወደ ታናሽ የሚተላለፍበት ትምህርት ቤት ነው። በተጨማሪም በወልቂጤ ገበያ የቸሃውና የእዣው፥ በቡታጅራ ገበያ የመስቃኑ፥ የማረቆው፥ የስልጤውና የሶዶው ሰው ይገናኛል። ይህን ያህል ቋንቋ በሚሰማበት አካባቢ የጨዋታ ደንቦችንና ስሞችን ማነጻጸር ትልቅ ፍሬ ይሰጣል።

አሳሳቢው ነገር ገበጣ መጻፊያ የሌለው መሆኑ ነው። ሰንጠረዥ ቢረሳ ተጓዦች የጻፉለት አለ፤ የአንድ መንደር የገበጣ ደንብ ግን የሚያውቀው ሽማግሌ ሲሞት አብሮ ይቀበራል። ልጆችም ዛሬ የስልክና የፕሌይስቴሽን ጨዋታ አላቸው። እኛ እነዚህን አንነቅፍም፤ የሚያሳስበን የቀደመው ሳይመዘገብ መቅረቱ ነው።

ስለዚህ ለዕረፍት ወደ ወላጆቹ የሚሄድ ተማሪ ሁሉ አንድ አዛውንት ዘንድ ተቀምጦ አምስት ነገር እንዲጠይቅ እናሳስባለን፤ የጉድጓዱን ቍጥር፥ የጠጠሩን ቍጥር፥ የሚዞርበትን አቅጣጫ፥ የሚበላበትን መንገድና እያንዳንዱ በአካባቢው ቋንቋ የሚጠራበትን ስም። ከመጠየቁም ይልቅ አብሮ ቢጫወት ይሻላል፤ በቃል የማይነገረው ደንብ እጅ ሲሳሳት ይገለጣልና።