በስተምሥራቅ ያለችው ቤት

ከባሕር ዳር አንድ ሰዓት ያህል በጀልባ ተጉዞ፣ የዘጌን የቡና ጫካ አቋርጦ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ወይም አዝዋ ማርያም የደረሰ እንግዳ ዓይኑ ከመቅደሱ ግድግዳ ሥዕል አይነቀልም። ይገባዋል። እኛ ሰሞነኛ ሆነን ያገለገልን ግን ለወዳጅ ሹክ የምንለው ስለ ሌላ ቤት ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን በስተምሥራቅ ስለምትሠራው ቤተልሔም።

ለጉብኝት አትከፈትም፤ ከተረኛ ካህንና ዲያቆን በቀር የሚገባባት የለም። የቁርባኑ ኅብስት የሚጋገረው፣ ዘቢቡ ታጥቦና ተዘፍዝፎ የሚጨመቀው እዚያ ነው። በዘጌ፣ በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን፣ በሬ ጠምዶ ማረስ ነውር ነው፤ አገሩ የሚኖረው በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው። መገበሪያው ስንዴ እንኳ ከውጭ ነው የሚመጣው። ሌሊት ሊጡ ተቦክቶ፣ 13 መስቀል ታትሞበት ይጋገራል፤ ከዚያ በመሶበ ወርቅ ሆኖ፣ ቃጭል እየተመታለት ወደ መቅደስ ይሄዳል።

አሁን ምሥጢሩን ልንገራችሁ። የጥንቷን ቤተልሔም ያቆያት ጭሱ ነው። በሰንበሌጡ ክዳን መሐል ቀስ ብሎ ሲወጣ ማገሩንና ወራጁን እያጠቆረ ያልፋል፤ የጠቆረውን እንጨት ነቀዝ አይደፍረውም። ክዳኑ በቆርቆሮ ሲተካ ግን ጭሱ መውጫ ያጣል፤ ሌሊት እሳት ሲነድ እንፋሎቱ ጣሪያው ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል፣ ቆርቆሮውም ይዝጋል። ግድግዳውም እንዲሁ ነው። በጭድ ተቦክቶ የሰነበተ ጭቃ የክረምቱን እርጥበት ጠጥቶ በበጋ ይተነፍሰዋል። ሲሚንቶ ከላይ ሲለሰንበት ግን እርጥበቱ ውስጥ ይታፈናል። በአንድ ደብር እንዲህ የታደሰችውን ግድግዳ በጣቴ ቆርቆር ሳደርጋት ባዶ ድምፅ ሰጠችኝ፤ ልስኑ አምሮ ቆሟል፣ ከጀርባው ያለው ጭቃ ፈርሶ አፈር ሆኗል።

ይህን ያደረገ ክፉ ሰው የለም። ምእመን ለስለት ያመጣው ቆርቆሮ ነው። የቅርስ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992፣ ቅርስ ያለፈቃድ እንዳይታደስ ይከለክላል፤ ለመቅደሱ ሥዕል ሲሆን ሁሉም ያስታውሰዋል፣ ቤተልሔሟ ስትፈርስ ግን እንደ ማዕድ ቤት ትቆጠራለች። ያለ እርሷ ቅዳሴ እንደማይቀደስ እያወቅን ይህን ማድረጋችን ያንገበግበኛል።

ለጣና ገዳማት የተሳላችሁ ወገኖች ሆይ፣ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ከመጫናችሁ በፊት አባቶችን ጠይቁ። ሰንበሌጥ ግዙ፤ ሣር መክደን ለሚያውቁት ሽማግሌዎች ከእነ ረዳት ልጆቻቸው የቀን ዋጋቸውን ክፈሉ።