ኮምፓውንድ ከመኪናው ቀለም ላይ ምን ይወስዳል?

በሩ የተጫረበት መኪና ጋራዥ ሲገባ ባለቤቱ መጀመሪያ የሚጠይቀው «በኮምፓውንድ ይለቃል?» ብሎ ነው። ጭረቱን እንደ እድፍ ስለሚያየው፣ በርትቶ ያሸው ሰው የሚያስለቅቀው ይመስለዋል። ጭረት ግን ከቀለሙ ላይ የጎደለ ነገር ነው፤ የጎደለ ደግሞ አይለቅም። ኮምፓውንድ የሚያደርገው በጭረቱ ዙሪያ ያለውን ደህናውን ቀለም በጥቂት በጥቂቱ እየፋቀ ዝቅ ማድረግ ነው። ትልሙን አፈር መልሶ ከመሙላት ይልቅ እርሻውን በሙሉ እስከ ትልሙ ወለል ድረስ ዝቅ እንደማድረግ ቁጠሩት። ዙሪያው ከጭረቱ ወለል ጋር ሲተካከል ብርሃን የሚሰባበርበት ጠርዝ ይጠፋል፤ ዓይንም የሚያየው ነገር ያጣል። ለዚህ የሚከፈለው ዋጋ የቀለሙ ውፍረት ነው። ስለዚህ ኮምፓውንድን መተዋወቅ ያለብን ከጣሳው ሳይሆን ከቀለሙ ጀምረን ነው።

የዛሬ መኪና ቀለም አንድ ሽፋን ብቻ አይደለም። ቆርቆሮው መጀመሪያ በፎስፌት ይታከማል። ከዚያ የመኪናው ገላ በሙሉ ገንዳ ውስጥ ተነክሮ፣ ዝገት የሚከላከለው ሽፋን በኤሌክትሪክ ኃይል እንዲጣበቅበት ይደረጋል። በዚያ ላይ ፕራይመር፣ በፕራይመሩ ላይ ቀለሙ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ብርሃን እንደ መስተዋት የሚያሳልፈውና የሚያብረቀርቀው ክሊር ይረጫል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ ነው። የክሊሩ ድርሻ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ያህል ነው። ኮምፓውንድ መንቀሳቀስ የሚችለው በዚህች ስስ ሽፋን ውስጥ ብቻ ነው፤ እሷንም አሟጥጦ መጠቀም አይቻልም። ከሥር ያለውን ቀለም ከፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የምትጠብቀው እሷ ናትና። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ለተቀመጠችው አዲስ አበባ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ጨረሩም ይጠነክራል። ከጣሪያቸውና ከኮፈናቸው ላይ ክሊሩ እየተላጠ ነጭ ቅርፊት ያወጡ መኪኖችን ሁላችንም እናውቃለን። እዚያ የደረሰ መኪና ዳግም ይቀባል እንጂ በኮምፓውንድ አይመለስም።

ክሊር የሌለው ቀለምም አለ። 040 በሚል ቁጥር የሚታወቀው የቶዮታ ነጭ ለብዙ ዓመታት ያለ ክሊር ሲቀባ የኖረ ነው። እንዲህ ያለ መኪና በኮምፓውንድ ሲታሽ ጨርቁ ላይ የሚቀረው ነጭ ነገር የመኪናው ቀለም ራሱ ነው። ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲዎችን ሲወለውል የኖረ ሰውም ጨርቁ ሰማያዊ ሲሆን አይደነግጥም። ክሊር ባለው መኪና ላይ ግን ጨርቁ የመኪናውን መልክ ከያዘ ነገሩ አብቅቷል፤ ክሊሩ ተበስቷል ማለት ነው። በመጀመሪያው እሽት ጨርቁን ገልብጦ ማየት የማይዘነጋ ባለሙያ ካገኛችሁ አትልቀቁት።

ጣሳው ውስጥ ያለው እንግዲህ በፈሳሽ የተያዘ ጠጣር ብናኝ ነው። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ብናኝ አልሙኒየም ኦክሳይድ ይባላል። የማዕድናት ጥንካሬ ከ1 እስከ 10 በሚለካበት የሞስ መለኪያ 9 ላይ ይቀመጣል፤ ከእሱ በላይ ያለው አልማዝ ብቻ ነው። ፈሳሹ ውሃ፣ ዘይትና ሁለቱን የሚያዋሕድ ንጥረ ነገር ነው። ሥራው ብናኙን ማንሸራተት፣ ሙቀቱን ማብረድና የተፋቀውን ቀለም አንሥቶ መያዝ ነው። ኮምፓውንዱ ቶሎ ሲደርቅ ሥራው የሚበላሸው በዚህ ምክንያት ነው፤ ፈሳሹ ሲያልቅ የሚቀረው ደረቅ አሸዋ ብቻ ነው።

ብናኙ ሁለት ዓይነት ጠባይ አለው። በአንዳንዱ ኮምፓውንድ ውስጥ ብናኙ በታሸ ቁጥር እየተሰባበረ ይደቅቃል፤ ሲጀምር ሻካራ ነው፣ ሲጨርስ ልስልስ። ይህን ዓይነቱን በመሐል አቋርጦ የሚጠርግ ሰው ገና ያልደቀቀው ብናኝ የተወውን ጭጋግ ቀለሙ ላይ ያገኛል። ጭጋጉን ሲያይ ተጨማሪ ኮምፓውንድ ያፈስሳል፤ ሻካራው ብናኝ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል፣ ጭጋጉም ይመለሳል። ሌላው ዓይነት ብናኝ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይለወጥም፤ የሚፍቀውን መጠን የሚወስኑት የስፖንጁ ዓይነት፣ የእጁ ጫናና ጊዜው ናቸው። የትኛውን እንደያዙ ለማወቅ በጣሳው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይረዳል።

ኮምፓውንድ የተወለደው ጭረት ለማጥፋት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካው ዱፖንት ዱኮ የተባለውን የናይትሮሴሉሎስ ቀለም እስካመጣበት ጊዜ ድረስ መኪና በዘይት ቀለምና በቫርኒሽ ነበር የሚቀባው፤ ሥራውም ሳምንታት ይፈጅ ነበር። አዲሱ ቀለም በሰዓታት ይደርቃል። ሲደርቅ ግን ፈዝዞ ነው የሚቀረው፤ እንዲያበራ በሚፍቅ ወፍራም ቅባት መታሸት ነበረበት። ስለዚህ ኮምፓውንድ መጀመሪያ የቀቢው የመጨረሻ ሥራ ነበር፤ በአገራችን ጋራዦችም እስከ ዛሬ ትልቁ ሥራው ይኸው ነው። ፎርኖ (የቀለም ማድረቂያ ክፍል) በሌለው ግቢ፣ በግልጽ አየር የተረጨ ክሊር ሳይደርቅ አቧራ ያርፍበታል፣ ነፍሳትም ይጣበቁበታል፤ የመርጫው ግፊት ካልተስተካከለ ደግሞ ገጹ ይጎረብጣል። ቀቢው ክሊሩ ከደረቀ በኋላ በ1500 ወይም በ2000 ቁጥር የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ያስተካክለዋል። መኪናው በዚያን ሰዓት የፈዘዘ መስተዋት ይመስላል፤ የማያውቅ ባለቤት ቢያየው ይጮኻል። ብርሃኑን የሚመልሰው ኮምፓውንድ ነው።

ከፋብሪካ በወጣ ክሊር ላይ ግን ጠላታችን ሌላ ነው። በበጋ ጠዋት የመኪናው አቧራ በደረቅ ጨርቅ ሲራገፍ ተመልከቱ። አቧራው ውስጥ ኳርትዝ አለ፤ በዚያው የሞስ መለኪያ 7 የሚሆን ማዕድን ነው፣ ከክሊሩ እጅግ ይጠነክራል። ጨርቁ በዞረ ቁጥር ብናኙ ይጭራል። አንዱ ጭረት ለብቻው አይታይም፤ ለዓመት ሲጠራቀም ግን ፀሐይ ባረፈችበት ቦታ ሁሉ ክብ ክብ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ይወጣል። ጥቁር መኪና የገዛ ሰው ይህን ቀድሞ ይማረዋል። የግቢው ጥበቃም ሆነ የቤቱ ልጅ በደግነት ነው የሚጠርጉት፤ ነገር ግን በዚህ ልማድ የሚያልቀው ክሊር በትልቅ አደጋ ከሚያልቀው የሚያንስ አይመስለኝም። አቧራውን በብዙ ውሃ ሳያወርዱ ጨርቅ አለማስነካት ከየትኛውም ኮምፓውንድ ይበልጣል።

ጭረቱ ለኮምፓውንድ የሚሆን መሆኑን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ቦታውን በደንብ አጥባችሁ ውሃ አርከፍክፉበት። ውሃው ሲያርፍበት ጭረቱ የሚጠፋ ከሆነ ክሊሩ ውስጥ ብቻ ያለ ነው፤ ተስፋ አለው። ጥፍራችሁን በአግድም ሳቡበት። ጥፍሩ ሳይዝ ካለፈ ኮምፓውንድ ይበቃዋል፤ ከያዘ ግን ጭረቱን ጨርሶ ለማጥፋት የሚፋቀው ክሊር ከሚገኘው ጥቅም ይበልጣል፤ ጠርዙን አለስልሶ ማደብዘዝ ይሻላል። ግራጫ ፕራይመር ወይም ቆርቆሮ የሚታይበት ጭረት የኮምፓውንድ ጉዳይ አይደለም። በበሩ እጀታ ሥር ያለውን ጎድጓዳ ቦታ ብታዩ በጥፍርና በቀለበት የተሞነጫጨረ ነው፤ አብዛኛው ላይ ላዩን ስለሆነ በእጅና በትንሽ ስፖንጅ ይጠፋል። ለጀማሪ ከዚያ የተሻለ መለማመጃ የለም።

አሁን ሥራውን በቅርብ እንይ። መኪናው ታጥቦ ጥላ ውስጥ ቆሟል፤ ቆርቆሮው ለእጅ ቀዝቃዛ ነው። የበሩ ጠርዝ፣ የመስተዋቱ ጎማና የበሩ ወገብ ላይ የወጣው መስመር በወረቀት ፕላስተር ተሸፍነዋል። ባለሙያው ስፖንጁ ላይ ሦስት አራት ጠብታ ኮምፓውንድ ያደርጋል፤ ማሽኑን ሳያስነሣ በስፖንጁ እየነካካ ቦታው ላይ ያዳርሰዋል። እንዲህ የማያደርግ ሰው ማሽኑን ሲያስነሣ ኮምፓውንዱ ግድግዳው ላይ ነው የሚያርፈው። የሚሠራው ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር በማይሞላ ቦታ ላይ ነው። ማሽኑን መጀመሪያ ወደ ጎን፣ ቀጥሎ ወደ ላይና ወደ ታች ይነዳዋል፤ እያንዳንዱ መስመር የቀደመውን በግማሽ ይደርባል። የእጁ ፍጥነት ዝግ ያለ ነው። ገመዱ መኪናውን እንዳይነካ በትከሻው ላይ አልፏል፤ ሻርፕም ሆነ የተንዠረገገ እጅጌ የለበትም፣ ዓይኑም በመነጽር ተሸፍኗል። ነጩ ፈሳሽ እየሳሳ ዘይት የተቀባ መስሎ ሲያሳልፍ ያቆማል፣ ይጠርጋል፣ መብራት በጎን ያበራበታል። ከዚያ ነው እንደገና የመድገም ወይም የመተው ውሳኔ የሚመጣው።

ባለቤቱ አጠገቡ ቆሞ «ትንሽ ድገመው» ሲል ባለሙያው «ጋሼ፣ ይብቃው» ካለ ባለሙያውን እመኑት።

ማሽኑ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በአንድ እምብርት ብቻ የሚሽከረከረው ነው፤ በደቂቃ ከ1,000 እስከ 2,000 ዙር በሆነ ፍጥነት ይሠሩበታል። ኃይለኛ ነው፣ ቶሎ ይፍቃል፤ አንድ ቦታ ላይ ካቆሙት ግን በሰከንዶች ውስጥ ቀለሙን ያቃጥላል፣ ባልሠለጠነ እጅ ደግሞ ፀሐይ ላይ የሚወዛወዝ ጥላ ይተዋል። ሌላው እየዞረ በዚያው ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዘው ነው፤ ሙቀቱ አንድ ቦታ ስለማይጠራቀም ለጀማሪ የሚሆነው እሱ ነው። በሁለቱም የበግ ፀጉር የተሠራው ልባስ ከስፖንጅ ይበልጥ ይፍቃል። ጠርዝ በልዩ ጥንቃቄ የሚያዘው ቀለም ሲረጭ ከሹል ቦታ ላይ ሸሽቶ ስለሚሳሳ፣ የማሽኑ ጫናም እዚያው ስለሚሰበሰብ ነው። ፓራውልት ደግሞ ፕላስቲክ ነው፤ ቆርቆሮ ሙቀቱን ወስዶ ሲያሰራጨው ፕላስቲኩ ግን እዚያው ያስቀረዋል። በር ላይ ያልተቃጠለ ቀለም በዚያው ፍጥነትና ጫና ፓራውልት ላይ ሊቃጠል ይችላል።

ከኮምፓውንድ በኋላ ፖሊሽ ይከተላል፤ ብናኙ ከኮምፓውንዱ የላመ ነው፣ ኮምፓውንዱ የተወውን ደቃቅ ጭረት ያነሣል። ስፖንጁም ይቀየራል፤ ኮምፓውንድ የጠጣ ስፖንጅ በፖሊሽ ቢነከር ያው ኮምፓውንድ ነው። ሰም የሚቀባው በመጨረሻ ነው። ሰም አይፍቅም፣ ይሸፍናል እንጂ። አዲስ በተቀባ መኪና ላይ ግን ቀለሙ ውስጡ እስኪደርቅ ሰም አይቀባበትም፤ ጊዜውን ቀቢውን መጠየቅ ነው።

አንድ ጉዳይ ላይ ያገለገለ መኪና ገዢዎች እንዲነቁ እፈልጋለሁ። አንዳንድ ኮምፓውንድና ፖሊሽ ጭረቱን ከመፋቅ ይልቅ የሚሞላ ዘይትና ሰም አለው። መኪናው በሽያጭ ቀን መስተዋት ይሆናል፤ ከጥቂት እጥበት በኋላ የሸረሪት ድር የመሰለው ጭረት ተመልሶ ይወጣል። ማጣሪያው ቀላል ነው፤ አልኮልን በውሃ አቅጥኖ በለስላሳ ጨርቅ ትንሽ ቦታ መጥረግ። ዘይቱ ይነሣል፣ የቀለሙ እውነተኛ ገጽ ይታያል። የቀለም ውፍረት መለኪያ ያለው ሰው ቢገኝ ደግሞ ብዙ ይናገራል፤ ከዙሪያው ይልቅ በጣም የወፈረ ቦታ ስቱኮ ወይም ዳግም ቀለም አለበት፣ በጣም የሳሳ ቦታ ደግሞ ደጋግሞ የታሸ ነው። መኪና በተሸጠ ቁጥር ኮምፓውንድ ይመታል፤ አራተኛው ገዢ ጋ ሲደርስ ክሊሩ ምን ያህል እንደቀረ የሚያውቅ የለም። በአንድ መኪና ለሃያና ለሠላሳ ዓመት በምንገለገልበት አገር ይህ ሊያሳስበን ይገባል።

ጥፍር የሚይዘው፣ ፕራይመር ያሳየው ጭረት የራሱ መንገድ አለው። የመኪናው የቀለም ቁጥር በቶዮታ ላይ ብዙውን ጊዜ በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ ባለው ሰሌዳ፣ ሲ/ቲአር በሚለው መስመር ይገኛል። በዚያ ቁጥር ጥቂት ቀለም ይበጠበጣል። ጭረቱ በአልኮል ይጸዳል፤ ዝገት ካለ መጀመሪያ እሱ ይነሣል፣ ቆርቆሮው ከታየም ፕራይመር ይቀድማል። ከዚያ በጣም ቀጭን ብሩሽ ጭረቱ ውስጥ ብቻ ቀለም ይጨመራል፣ ይደርቃል፣ ሌላ ይደረባል፣ በመጨረሻም ክሊር። ሙሌቱ ከዙሪያው ጥቂት ከፍ ብሎ ከደረቀ በኋላ፣ ትንሽ እንጨት ላይ በተጠቀለለ 2000 ቁጥር የውሃ ወረቀት ከፍ ያለው ብቻ ይነካል። ዙሪያው ሲተካከል ወረቀቱ ይቀመጣል፤ የፈዘዘችው ትንሽ ቦታም በእጅ በኮምፓውንድ ትታሻለች።