ስለ ሥራ መኪናና በውስጡ ስለሚጫነው የሙያ ዕቃ ኢንሹራንስ

በየዓመቱ ከዚህ ትምህርት ቤት ከሚወጡት ወጣቶች መካከል ጥቂት የማይባሉት ወደ ቢሮ ሥራ ሳይሆን ወደ እጅ ሙያ ይገባሉ። አንዱ በያጅ፣ አንዱ የኤሌትሪክ ሠራተኛ፣ ሌላው የቧንቧ ሠራተኛ ይሆናል። ሥራው የቀናለት እንደሆነም ጥቂት ዓመት ሠርቶ፣ ዕቁቡ ሲደርሰው፣ ምናልባትም ከዘመድ ተበድሮ፣ ያገለገለ ቫን ይገዛል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ንብረቱ ሁሉ በአራት ጎማ ላይ ቆመ ማለት ነው፤ መኪናዋ ሱቁም መጋዘኑም እርስዋ ናት። እንግዲህ ይህች መኪና ብትሰረቅ ወይም ብትቃጠል የሚጠፋው ብረቱ ብቻ አይደለም፤ የነገው እንጀራ ጭምር ነው። ስለዚህ ጉዳይ በገበያ የሚሰማው ወሬ ብዙውን ጊዜ ጎደሎ ስለሆነ፣ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን ለመግለጽ አስበናል።

ኢንሹራንስ፣ በአማርኛው መድን፣ ለአገራችን ሰው ፈጽሞ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ዕድር ያለው ሰው ሐሳቡን ግማሽ በግማሽ ያውቀዋል። መቶ አባወራ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ብር ያዋጣል፤ ሐዘን የደረሰበት ቤት ከተከማቸው ይረዳል፤ ሐዘን ያልደረሰበትም ሰው ያዋጣሁት ገንዘብ ይመለስልኝ ብሎ አይከራከርም። የኢንሹራንስ ኩባንያም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ አባሎቹ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ መሆናቸውና፣ አረቦን የሚባለው መዋጮ እንደ ንብረቱ ዋጋና እንደ አደጋው ክብደት ተሰልቶ መቆረጡ ነው። በዕድር ሁሉም እኩል ይከፍላል፤ በኢንሹራንስ ግን የጋዝ ሲሊንደር ጭኖ የሚዞር ሰው መጽሐፍ ጭኖ ከሚዞር ሰው የበለጠ ቢከፍል አያስደንቅም። ሌላም ልዩነት አለ። ዕድር ጎረቤቱን ያውቃል፣ አንዳንድ ጊዜም ይቅር ይላል፤ ኩባንያ ግን የሚያውቀው በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ነው። ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ ከዚህች ልዩነት የሚመነጭ ነው።

የሥራውን ታሪክ በአጭሩ ለመናገር፣ በአገራችን የመጀመሪያው አገር በቀል የኢንሹራንስ ኩባንያ፣ ኢምፔሪያል ኢንሹራንስ፣ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ለኢንሹራንስ ውል ሰፊ ክፍል ሰጠው፤ በ2013 ዓ.ም. አዲሱ የንግድ ሕግ ሲወጣም ያ ክፍል አልተሻረም። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. 13 ኩባንያዎች ተወርሰው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት በተባለው አንድ የመንግሥት ድርጅት ተጠቃለሉ። በ1986 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 86 የግል ኩባንያዎች እንደገና ስለተፈቀዱ፣ ዛሬ የሥራ መኪና ያለው ሰው ከብዙዎች መካከል ሊያማርጥ ይችላል።

አሁን ወደ መኪናው እንመለስ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ራሱ ጥፋት ባይሠራም እንኳ፣ ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ግን ይድናል። ሕጉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ባለቤቱ የሚከፍለው ከሌለው፣ የተፈረደለት ሰው ወረቀት ይዞ ይቀራል። በዚህ ምክንያት በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 559፣ ቀጥሎም በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ በባለ ሞተር ተሽከርካሪ ሁሉ ላይ ግዴታ ሆነ። በመኪናው የፊት መስታወት ላይ የሚለጠፈው ምልክት የዚሁ ማስረጃ ነው። አንደኛው ወገን ውሉን የገባው ባለመኪና፣ ሁለተኛው ወገን ኩባንያው ነው፤ ሦስተኛው ወገን የሚባለው ደግሞ በመንገድ ላይ የሚጎዳው ሌላው ሰው ነው። ከዚህም የምንረዳው ይህ ነው፦ ይህ ኢንሹራንስ የቆመው ለመንገደኛው ነው። የባለመኪናውን መኪና አይጠግንም፤ የተሰረቀውንም መሰርሰሪያ አይተካም። ምልክቱን ለጥፎ «ኢንሹራንስ አለኝ» ብሎ በሰላም የሚተኛ ሰው ስንት ነው!

መኪናውን ራሱን ለመጠበቅ የሚፈልግ ሰው በፈቃዱ ተጨማሪ ውል ይገባል፤ ይኸውም በተለምዶ «ሙሉ ኢንሹራንስ» የሚባለው ነው። ግጭትን፣ መገልበጥን፣ ቃጠሎንና የመኪና ስርቆትን የሚያካትት ነው። ዳሩ ግን «ሙሉ» የሚለው ስም ራሱ ብዙ ሰው አሳስቷል። ሙሉነቱ ለመኪናው ነው፤ መኪናውም ማለት ሞተሩ፣ አካሉ፣ ጎማውና ከፋብሪካ ሲወጣ አብሮት የነበረው ነገር ነው። ከኋላ የተጫነው የብየዳ ማሽን፣ ጄኔሬተሩ፣ ግራይንደሩ፣ የመፍቻው ሣጥን የመኪናው አካል ስላልሆኑ፣ ለይተው ካልተጻፉ በዚህ ውል ውስጥ አይገቡም። ቫኑ ውስጥ በብሎን የታሰረ መደርደሪያ ወይም በወለሉ ላይ የተተከለ ኮምፕረሰር እንኳ ቢሆን፣ በኋላ የተጨመረ ነገር ነውና ለኩባንያው ተነግሮ በወረቀቱ ላይ መስፈር አለበት።

ታዲያ የሙያው ዕቃ በምን ይጠበቃል? በጉዞ ላይ ላለ ዕቃ የሚገባ ውል አለ፤ ሰብሮ ለመግባትና ለስርቆት የሚገባ ውል አለ፤ ለኮንትራክተር መሣሪያ የሚገባም አለ። የእነዚህን ስም ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ እያንዳንዱ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ መጠየቅ ያሻል። ለምሳሌ በጉዞ ላይ ላለ ዕቃ የሚገባው ውል ዕቃው ሲጫን ጀምሮ ሲወርድ የሚያበቃ ሊሆን ይችላል። በያጁ ግን ማታ ደክሞት ሲመለስ ማሽኑን አያወርድም፤ ቫኑን ከበሩ ላይ አቁሞ ይተኛል። ሌባ የሚመጣውም በዚያን ሰዓት ነው። እንግዲህ «ሌሊት በቆመ መኪና ውስጥ ያለ ዕቃ ይካተታል ወይ? መኪናው በግቢ ውስጥ መቆም አለበት ወይ? ዘበኛ ያስፈልጋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ከሁሉ ይበልጣል። ሁለተኛው ጥያቄ ስለ መስበር ነው። ብዙ የስርቆት ውሎች የተሰበረ ቁልፍ ወይም መስታወት ምልክት እንዲታይ ይፈልጋሉ፤ በሩን ሳይቆልፍ ሻይ ሊጠጣ የገባ ሰው ካሣ ለመቀበል ይቸገራል። ሦስተኛው፣ የራስ ረዳት ወይም ተቀጣሪ የወሰደው ዕቃ ከውሉ ውጭ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ፖሊሲው ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ የሚጻፍ ስለሆነ፣ ያልገባውን አንቀጽ በአማርኛ አስረዱኝ ማለት መብት እንጂ ነውር አይደለም።

ቀጥሎ የዋጋው ነገር አለ፤ በእኛ አስተያየት ሰው በብዛት የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ኢንሹራንስ የሚገባ ሰው ዕቃዬ ይህን ያህል ያወጣል ብሎ ያስመዘግባል፤ አረቦኑም በዚያው መጠን ይሰላል። አረቦን ለመቀነስ ሲል ዋጋውን ዝቅ አድርጎ የሚያስመዘግብ ሰው አለ። እንዲህ ያለው ሰው ግማሹን ለኩባንያው ሰጥቶ ግማሹን ራሱ እንደ ያዘ ይቆጠራል። ነገሩን በቁጥር እንየው። ዕቃው ሁሉ በአደጋው ቀን 600,000 ብር የሚያወጣ ሆኖ የተመዘገበው 300,000 ብር ቢሆን፣ ኢንሹራንስ የተገባው ለግማሹ ብቻ ነው። አሁን 100,000 ብር የሚያወጣ ጄኔሬተር ብቻውን ቢሰረቅ፣ ሰውየው «300,000 አስመዝግቤ የለም እንዴ፣ 100,000ው ይከፈለኝ» ይላል። በውሉ ሌላ ስምምነት ከሌለ ግን የሚከፈለው የዚሁ ግማሽ፣ 50,000 ብር ነው። ከዚህም ላይ ኤክሰስ የሚባለው፣ ከእያንዳንዱ ጉዳት ባለንብረቱ ራሱ እንዲሸከም በውሉ የተወሰነው ድርሻ ይቀነሳል።

ሳያታልሉም እዚህ ወጥመድ ውስጥ መግባት ይቻላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪን ዋጋ ለገበያ ሲለቅ፣ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የብየዳ ማሽንና ጄኔሬተር ከውጭ የሚመጡ ናቸውና፣ ከዚያ በፊት በእውነተኛ ዋጋ ያስመዘገበ ሰው ምንም ሳያጠፋ ጎደሎ ኢንሹራንስ ይዞ ተገኘ። ስለዚህ ውሉ በየዓመቱ በሚታደስበት ጊዜ የድሮውን ቁጥር መገልበጥ አይገባም፤ ገበያ ወጥቶ የዛሬውን ዋጋ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከፍ አድርጎ ማስመዝገብም አይጠቅምም፤ ካሣ ከዕቃው እውነተኛ ዋጋ አይበልጥምና፣ የሚተርፈው ትርፍ አረቦን መክፈል ብቻ ነው።

አሁን ስለ እውነት መናገር ጥቂት እንበል። ሕጉ ኢንሹራንስ የሚገባ ሰው ስለ አደጋው የሚያውቀውን ሁሉ በትክክል እንዲገልጽ ያስገድደዋል፤ ሆን ብሎ የደበቀ ወይም ያጭበረበረ ሰው ውሉ ፈራሽ ይሆንበታል። መኪናው ለቤት አገልግሎት ነው ተብሎ ተመዝግቦ ሳለ ሥራ ላይ ቢሠማራ፣ ወይም የራስ ዕቃ ብቻ ይጭናል ተብሎ የሰው ዕቃ በኪራይ ቢያመላልስ፣ አደጋ በደረሰ ጊዜ ክርክር ይነሣል። በሊብሬው ላይ ከተጻፈው የጭነት ልክ በላይ መጫንም እንዲሁ ነው።

ከሁሉም ይልቅ የበያጅ ቫን የሚገለጽ ነገር አለው፤ እርሱም ጋዙ ነው። አሴቲሊን በሲሊንደሩ ውስጥ ብቻውን አይቀመጥም፤ አሴቶን በተባለ ፈሳሽ ውስጥ ሟሙቶ ነው የሚያዘው። ሲሊንደሩ ተጋድሞ ጋዝ ቢወጣበት ፈሳሹም አብሮ ሊወጣ ስለሚችል፣ ቆሞ መታሰር አለበት። በአየር ውስጥ ከመቶ ሁለት ተኩል ያህል ብቻ ሲገኝ እንኳ በእሳት ፍንጣሪ ይፈነዳል፤ መስኮት በሌለው ቫን ውስጥ ሌሊቱን ጥቂት ጥቂት ቢያፈስ ጠዋት በሩን ከፍቶ ሲጋራ የሚለኩስ ሰው ምን እንደሚያገኘው የኬሚስትሪ ተማሪ ያውቃል። ኦክስጅን በበኩሉ አይነድም፤ ግን የሌላውን መንደድ እጅግ ያበረታል፤ ቅባት ወይም ግራሶ የነካው ቧንቧ ላይ ቢገናኝ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ይህን ጭነት ከኩባንያው ደብቆ አረቦን መቆጠብ፣ ቤቱ ከተቃጠለ በኋላ ኢንሹራንስ አልነበረኝም ከማለት አይለይም።

ያልታሰረ ዕቃም እንደ ጋዝ ያስፈራል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ቫን ድንገት ከግንብ ጋር ቢጋጭ፣ ከኋላ ያለው 50 ኪሎ ጄኔሬተር ግን ጉዞውን ይቀጥላል። የፊዚክስ ደብተራችሁን ገልጣችሁ ብታሰሉት፣ ይዞት የሚመጣው ጉልበት ከ10 ሜትር ከፍታ ላይ ቢወድቅ ከሚኖረው ጋር የሚመጣጠን ነው፤ ይህም ከሦስተኛ ፎቅ በሹፌሩ ጀርባ ላይ እንደመጣል ነው። በሹፌሩና በጭነቱ መካከል የብረት ፍርግርግ ማስበየድ ለበያጅ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ሌላው ሰው ሲያሠራ ገንዘብ ይከፍላል፣ እርሱ ግን ለራሱ መሥራቱን ይረሳል።

አደጋ ከደረሰ በኋላ የሚደረገው አጭር ነው። ለፖሊስ ማመልከትና የምስክር ወረቀቱን መያዝ፤ ለኩባንያው በውሉ በተወሰነው ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማስታወቅ፤ የኩባንያው መርማሪ ሳያይ መኪናውን ጋራዥ አስገብቶ አለማስጠገን። ከዚያ በኋላ ኩባንያው «ዕቃው የአንተ ነበር ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። መርካቶ ያለ ደረሰኝ የተገዛ መሰርሰሪያ እዚህ ላይ ባለቤቱን ያስከፍለዋል። ስለዚህ የእያንዳንዱን ዕቃ ስም፣ በላዩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር፣ የተገዛበትን ቀንና ዋጋ በአንድ ደብተር መጻፍ፣ ደረሰኙንም አብሮ ማያያዝ፣ ፎቶግራፍም ማንሣት ያስፈልጋል። አንዳንዱ ይህን ሁሉ በሚገባ አሟልቶ ደብተሩን በመኪናው ኪስ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ሌባውም ከዕቃው ጋር ይዞት ይሄዳል። ደብተሩ ቤት ይቀመጥ፤ ግልባጩም ለኩባንያው ይሰጥ።

ክፍያው ቢዘገይ ወይም ኩባንያው አልከፍልም ቢል፣ በፍርድ ቤት ለመክሰስ ሕጉ የሰጠው ጊዜ 2 ዓመት ነው፤ የሚቆጠረውም አደጋው ከደረሰበት ወይም ባለንብረቱ አደጋውን ካወቀበት ቀን ጀምሮ ነው። «ነገ ና» እየተባለ የሚመላለስ ሰው ቀኑን በዚያው ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጽፎ ቢይዝ ይበጀዋል።