የቦይለር ነገር… ሠራተኛውን ሳታዩ ቀብድ እንዳትሰጡ!

የሻወሩን ቧንቧ ስትነኩ ነዘር አድርጓችሁ ያውቃል? «ኧረ ትንሽ ነው፣ ነጠላ ጫማ ካደረግኩ አይሰማኝም» የምትሉ ካላችሁ፣ የዛሬው ወሬ ከእናንተ ጋር ነው።

በቅርቡ ጎጆ የወጡ ጥንዶች አውቃለሁ። ኮንዶሚኒየም ተከራይተው ሲገቡ ቦይለሩን ከነዕድሜው ተረከቡት። ሚስት ከሻወር ወጥታ «ነዘረኝ» ስትል ባል ሳቀባት። በሦስተኛው ቀን እሱን ራሱን ሲነዝረው ሳቁ ቆመ። አከራያቸው ደግ ናቸው፣ አዲስ ቦይለር ለመግዛት ግማሹን ቻሉ። ጭቅጭቁ የመጣው በገጣሚው ነው። ባል በርካሽ የሚሠራ የሰፈር ልጅ ላምጣ አለ፤ ሚስት «ነፍሴን በርካሽ አላስይዝም» አለች።

እኔ በበኩሌ ከእሷ ጋር ነኝ።

ምክንያቴን ልንገራችሁ። በቦይለሩ ሆድ ውስጥ ውሃውን የሚያሞቀው ሬዚስታንስ አለ። ዓመታት ሲያልፉ ደለል ይለብሳል፣ ሽፋኑም ይበላል፤ ያኔ ኤሌክትሪኩ ወደ ውሃውና ወደ ብረቱ ያፈተልካል። የግራውንድ መስመር ካለ በዚያ ወደ መሬት ይወርዳል። ከሌለ ግን መውረጃው እርጥብ ወለል ላይ ባዶ እግሩን የቆመው ሰው ነው! አዲሱ ቦይለርም ቢሆን ያለ ግራውንድ ከተገጠመ፣ የሚያረጅበትን ቀን መጠበቅ ብቻ ነው።

«ብሬከር አለን እኮ» ትሉኝ ይሆናል። 16 አምፒሩ ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ሰው ለመግደል ከዚያ እጅግ ያነሰ ይበቃል። 30 ሚሊ አምፒር ገደማ ሲያፈተልክ ወዲያው የሚዘጋ መከላከያ ለብቻው ይሸጣል። ኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ገብታችሁ ጠይቁ፣ ከአንድ ምሳ ግብዣ ቅሩና ግዙት።

ታዲያ ሠራተኛው ቤት ሲመጣ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ዝም ብላችሁ እዩት። ወደ ቆጣሪውና ወደ ብሬከሩ ሄዶ «ግራውንድ አላችሁ?» ካለ ጥሩ ነው። የሽቦውን ውፍረት ካየ ደግሞ የበለጠ ጥሩ፤ 2000 ዋት የሚስብ ቦይለር በ220 ቮልት 9 አምፒር ያህል ይወስዳል፣ ለአምፖል የተዘረጋው ቀጭን ሽቦ አይችለውም። ገና ከበር እንደገባ ድሪሉን የሚሰካውን ግን ሻይ ጋብዛችሁ ሸኙት።

ግድግዳውን ማንኳኳቱንም ልብ በሉ። 80 ሊትር ቦይለር ውሃ ሲሞላ ከ100 ኪሎ ያልፋል፤ ብሎኬት ደግሞ ውስጡ ባዶ ነው። ተራ ፊሸር ይዞት አይቆይም። ማዶ ዘልቆ የሚታሰር ቡሎን፣ ካልሆነም ጠንካራ ኮንክሪት ያለበት ቦታ ይፈልጋል። ለነገሩ ለሁለት ሰው 50 ሊትር መች አነሰ? 80 ሊትር ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 3.7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ 50ው በ2.3 ይጨርሳል።

ጥንዶቹ በመጨረሻ ያገኙት ሰው «ግራውንድ ሳልዘረጋ አልገጥምም» ብሎ አንድ ቀን ጨመረባቸው። ባል አጉረመረመ፣ ከፈለም። ቀሪውን ክፍያ የሰጡት በቴስተር ፈትሾ ካሳያቸው በኋላ ነው። እናንተም እንዲሁ አድርጉ፤ በሚስት አይፈተሽም!

አንድ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው የሚያስደነግጥ። ቦይለሩ ሲሞቅ ከሥሩ ያለው የሴፍቲ ቫልቭ ጠብ ጠብ ይላል። ውሃ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ነው፣ ጤነኛ ነው፤ ቱቦ አድርጋችሁ ወደ ፍሳሹ ምሩት። በቡሽ ወይም በፌስታል የሚደፍን ሠራተኛ አይቻለሁ። እንዲህ ያለው ሰው ከቤታችሁ ቦምብ ሰቅሎ ነው የሚሄደው።

ማብሪያውን ከመጫናችሁ በፊት የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ክፈቱ፤ አየሩ ወጥቶ ውሃው ሳይቆራረጥ እስኪፈስ ጠብቁ። ጋኑ ሳይሞላ ከተበራ ሬዚስታንሱ ይቃጠላል። በተለይ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ያላችሁ፣ አደራ!

አሮጌውን ለቆራሌው ስትሸጡም ገመዱን ቆርጣችሁ፣ ሬዚስታንሱን አስፈትታችሁ ስጡት። ገዝቶ መልሶ የሚሰካ አይጠፋም።